«ሥዕለ ሕሊና»፦ የአንዲት የሂንዱ እናት አምላክ ትእምርቶችና የአማርኛ ስያሜያቸው

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሂንዱ ሃይማኖት «ድያና» የሚባለውን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስፈልጉ ጥቂት ቃላትን መመርመር ነው። ድያና አማኙ ከጸሎቱ አስቀድሞ የአምላኩን ቅርጽ በልቡናው የሚያቆምበት አጭር ድርሰት ነው። ለናሙና የወሰድነው «የላሊታ ሺህ ስሞች» በሚባለው የሳንስክሪት ድርሰት መግቢያ ላይ የሚገኘውን የእናት አምላክ የላሊታን ድያና ነው። ድርሰቱ ብራህማንዳ ፑራና ከተባለው መጽሐፍ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ባስካራራያ የተባለ ሊቅ የታወቀ ትርጓሜ ጽፎለታል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣ የከተማ ሰው ዛሬ «ለሜዲቴሽን» ወይም «ለጥሞና» መሄዱን ሊነግረን ይችላል። በዚያው ተራራ ላይ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በደፉባት በእንጦጦ ማርያም፣ መልክአ ማርያም የሚደግም ምእመን ደግሞ ለሚያደርገው ነገር እንዲህ ያለ ስም ፈልጎ አያውቅም። አንዱ ቃል አጥቶ ይዋሳል፤ ሌላው ቃል ሞልቶት ስያሜ አላስፈለገውም። ተርጓሚው የሚቸገረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በድያናው ውስጥ የላሊታ ሰውነት እንደ ሲንዱር ቀለም ቀይ ነው። ዓይኖቿ ሦስት ናቸው፤ በዘውዷ ላይ ጨረቃ አለ፤ ፊቷ ፈገግታ አይለየውም። በአራት እጆቿ ሸምቀቆ፣ መውጊያ፣ የሸንኮራ አገዳ ቀስትና የአበባ ፍላጻዎች ይዛለች። የእነዚህን ምስጢር ራሱ ድርሰቱ ከሺሁ ስሞች በመጀመሪያዎቹ ውስጥ ይፈታዋል፦ ሸምቀቆው ምኞት፣ መውጊያው ቍጣ፣ ቀስቱ ልቡና፣ አምስቱ ፍላጻዎች ድምፅ፣ ንክኪ፣ መልክ፣ ጣዕምና ሽታ ናቸው። ሰውን የሚያስሩትና የሚወጉት ኃይሎች ሁሉ በእጇ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ልቡና ስለ ምን ሸንኮራ እንደሆነ ብዙ ሊባል ይቻላል፤ ሸንኮራ በጥርሱ ልጦ ላኘከ አንባቢ ግን ጣፋጩ ተጨምቆ የሚወጣ መሆኑን ማስረዳት አያሻም።

ስለ መውጊያው ግን ማስጠንቀቅ ይገባል። ዕቃው የዝሆን ነጂ የሚይዘው፣ ጫፉ የሾለና መንጠቆ ያለው ብረት ነው። «ጅራፍ» ብሎ መመለስ ለገበሬው አንባቢ የቀረበ ቢመስልም፣ ጅራፍ ከኋላ ይመታል እንጂ ይዞ አይመልስም። መጽሐፈ መሳፍንት በአማርኛው «የበሬ መውጊያ» ስለሚል፣ «ባለ መንጠቆ መውጊያ» ብንል ከለመድነው ቋንቋ አንወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመለስ። ብዙዎች ድያናን «ተመስጦ» ይሉታል። ይህ አያረካንም። የግእዙ «መሠጠ» መንጠቅን ያሳያል፤ ተመስጦም የሚነጠቅ ሰው ሁኔታ ነው። በድያና ግን የሚነጠቅ የለም፤ አማኙ አስቦና ቆጥሮ፣ ቀለም በቀለም፣ እጅ በእጅ ይሥላል። «ጥሞና» ጸጥታውን ይነግረናል እንጂ በጸጥታው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግረንም። «ማሰላሰል» ሐሳብን ማመላለስ ነው። ግእዙ መዝሙረ ዳዊት በመጀመሪያው መዝሙር ቀንና ሌሊት ሕጉን የሚያስበውን ሰው ሲያነሣ «አንበበ» በሚለው ግስ ይጠቀማል፤ የአማርኛው ትርጕም «ያስባል» ብሎታል። በዚህ ሽግግር አፍ ቀርቶ ልብ ብቻ ተርፏል። የድያናው ግጥም ግን የሚባልም የሚታይም ነው።

ከእኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ የሚቀርበው መልክእ ነው። መልክእ ከዝክረ ስም ተነሥቶ ጠጉርን፣ ራስን፣ ገጽን፣ ዓይንን እያለ እስከ እግር ጥፍር በየክፍሉ ሰላምታ ያቀርባል፤ ክፍሉም ብዙውን ጊዜ አምስት ስንኝ ነው። የላሊታ ሺህ ስሞችም እንዲሁ ከጠጉሯ ተነሥተው ወደ እግሯ ይወርዳሉ። መመሳሰሉ እውነተኛ ነው፤ የሚያስተውን በር የሚከፍተውም እርሱ ነው። ድያናን «መልክአ ላሊታ» ብሎ የሚተረጕም ሰው አንባቢውን በአንዲት ቃል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያቆመዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን የምታቀርበውን የጸጋ ስግደት ለፈጣሪ ከሚቀርበው የአምልኮ ስግደት ለይታ ታስተምራለች፤ ላሊታ ግን ለአማኞቿ ራሷ አምላክ ናት። ቃሉ ይህን ልዩነት ከደመሰሰው ሁለቱንም ወገን ይበድላል። ስለዚህ መልክእን ለማነጻጸሪያ እንጂ ለመሰየሚያ አንጠቀምበትም።

እኛ የምናቀርበው «ሥዕለ ሕሊና» የሚለውን ነው፤ ግሱም «በሕሊና መሣል»። «ሥዕለ አድኅኖ» የሚለው ስያሜ በግድግዳና በሰሌዳ ላይ ላለው ቅዱስ ሥዕል ስለተያዘ፣ አዲሱ ጥምር አጠገቡ ቢቆም አይጋፋውም፤ አንባቢውም ሳይነገረው ይረዳዋል።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ምሳሌ» ነው። የእኛ መምህራን ሙሴ ያያት ዕፅ የማርያም ምሳሌ ናት ሲሉ፣ የቀደመው ነገር የኋለኛውን አስቀድሞ ማሳየቱን ይናገራሉ። የላሊታ ሸምቀቆ ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ነገር የለውም። ሳንስክሪቱም «የምኞት ምልክት የሆነ» ሳይል ምኞትን የሸምቀቆው ባሕርይ ያደርገዋል። በትርጕሙ ውስጥ «ምኞት የሆነውን ሸምቀቆ የያዘች» ማለት ይሻላል፤ ተንታኙ በራሱ አንቀጽ ሲጽፍ ደግሞ «ትእምርት» ይበል።

የቀረው የመጠሪያው ጣጣ ነው። ከሺሁ ስሞች የመጀመሪያው «ሽሪ ማታ» ሲሆን፣ ማታ እናት፣ ሽሪ የማክበሪያ ቃል ነው። «እመቤታችን» የሚለው በአማርኛ ባለቤት ስላለው «ክብርት እናት» ማለትን እንመርጣለን። ለወል ስሙ «አምላኪት» የሚል ሐሳብ ቢያቀርብ የሚደፍር አይጠፋም፤ ነገር ግን አምላኪት የምታመልክ እንጂ የምትመለክ አይደለችም፤ ተመላኪዋን አምላኪ ማድረግ ለቀልድ ካልሆነ አይበጅም። የሐዋርያት ሥራ ተርጓሚዎች ስለ አርጤምስ «ታላቂቱ አምላክ» ብለው ጾታውን በቅጽሉ ላይ ጥለውታል። ቅጽል በሌለበት ቦታ «እናት አምላክ» ይበቃል።