የአቢጃታ እና የሻላ ሐይቆች፦ የአንድ ፓርክ ሁለት ገጽታ

በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአቢጃታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው የፊኬ ተራራ ነው፤ ከተራራው ላይ ሆኖ ለሚመለከት ግን ልዩነታቸው ከስፍራ ያለፈ ነው።

ሻላ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ሳቢያ መሬቱ በሰመጠበት ጎድጓዳ ስፍራ የተኛ ሲሆን፣ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በዳርቻውም ፍል ውኆች ይፈልቃሉ። አቢጃታ በአንጻሩ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ መውጫም የሌለው ሐይቅ ነው። በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ፣ በሆራ ከሎ ከላንጋኖ ውኃ ይቀበላል፤ በተፈጥሮ የሚያጣውም በአብዛኛው በትነት ነው። ስለዚህ ገቢው ሲቀንስ ዳርቻው ፈጥኖ ይሸሻል፣ ጨዋማነቱም ይጨምራል።

የሁለቱን ሐይቆች ትስስር አጉልተው የሚያሳዩት ነጭ ፔሊካኖች ናቸው። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩቶቻቸውን ያሳድጋሉ፤ በሻላ ዓሣ ስለማይበዛ ግን ምግባቸውን ከአቢጃታ ያመጡ ነበር። የአቢጃታ ዓሣ በመመናመኑ አዕዋፉ ምግብ ፍለጋ ርቀው ለመብረር ተገደዋል።

ለሐይቁ መሸሽ በዋናነት የሚጠቀሱት ምክንያቶች በላይኛው ተፋሰስ የሚካሄደው የመስኖ እርሻ እና ለሶዳ አሽ ምርት ከሐይቁ የሚሳበው ውኃ ናቸው። የመጀመሪያው ምክንያት የሚገኘው ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው። እንግዲህ ወሰኑን ማስከበር ብቻውን አቢጃታን አያድንም፤ ጥበቃው ከዝዋይ ጀምሮ መላውን ተፋሰስ ሊያካትት ይገባል።