የጆንያው ትምህርት

በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በተጫነ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ለላኪዎቻችን ዱብ ዕዳ ነበር። ገበሬው ቡናውን በአብዛኛው የሚያለማው ያለ ኬሚካል ነው፤ ታዲያ ከየት መጣ? ነገሩ ሲጣራ ጥርጣሬው ከማሳው ወጥቶ ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ አረፈ። ጃፓን ከዋነኞቹ የቡናችን ደንበኞች አንዷ ነበረችና ገበያው ክፉኛ ተጎዳ።

ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ግዥ ክፍል ነው። ጆንያ የሚገዛው ኬሚስት አይደለም። ጨረታ የሚያወጣው፣ ዋጋ የሚያወዳድረው፣ ውል የሚፈርመው ሥራ አመራር ወይም አካውንቲንግ የተማረ ሰው ነው። ለምግብ የሚሆን ጆንያ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚናገር ደረጃ በዚያን ጊዜም ነበር፤ የዓለም አቀፉ ጁት ድርጅት ቃጫው በማዕድን ዘይት ሳይሆን በአትክልት ዘይት እንዲለሰልስ የሚጠይቀውን ሰነድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሰነዱ በዋናነት ስለ ዘይት ስለሚናገር ብቻውን የጃፓኑን ችግር ባላስቀረ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሰነድ መኖሩን የሚያውቅ ገዢ ሌላውንም ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፦ ይህ ጆንያ ከዚህ በፊት ምን ተሸክሞ ነበር?

የንግድ ትምህርት ቤቶቻችን ደረጃን ለመሐንዲሱና ለላቦራቶሪው መተው የለባቸውም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት መጻሕፍት ውስጥ አይ.ኤስ.ኦ 9000 በጥራት ምዕራፍ ይነሣል፤ ተማሪው ስሙን ለፈተና ይይዘውና ያልፋል። ደረጃውን ማን እንደሚጽፈው፣ ሲጻፍ ማን ጠረጴዛው ዙሪያ እንደሚቀመጥ፣ ወጪው በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ግን የንግድ ጥያቄ ነው።

ቃሉ ራሱም ሳያሳስት አልቀረም። ደረጃ ስንል አንደኛና ሁለተኛ፣ ከፍና ዝቅ ይታየናል። ስምምነት መሆኑ ይረሳል። የጃፓኑ ችግር በተሰማበት ዓመት፣ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ነበር። እዚያ ገዢው እህሉን ሳያይ፣ ሳይዘግን፣ በጥርሱ ሳይሰብር ይገዛል። የሚያምነው ደረጃውን ነው። በማያውቁት ሰው እጅ ያለን ምርት ሳያዩ መግዛት እንዴት ይቻላል የሚለው ጉዳይ ከማርኬቲንግ ትምህርት በላይ ቦታው የት ሊሆን ነው?

ሌሎች ይህን ቀደም ብለው አይተውታል። ደቡብ ኮሪያ የደረጃ ትምህርትን በዩኒቨርሲቲዎቿ በመርሐ ግብር ማስፋፋት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በሆላንድ ሮተርዳም በሚገኘው የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ሄንክ ደ ፍሪስ ጉዳዩን ራሱን የቻለ የሥራ አመራር ዘርፍ አድርገው ሲያስተምሩ ኖረዋል። እኚህ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጡት በአገራቸው የደረጃዎች ተቋም ውስጥ ለዓመታት ሠርተው ነው፤ እኔ ትልቅ ቁም ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። በእኛም አገር ደረጃ የሚያወጣው፣ የተስማሚነት ምዘና የሚሠራው፣ የሥነ ልክና የአክሬዲቴሽን ተቋማቱ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ለየብቻ ቆመዋል። ባለሙያዎቻቸው ወደ ክፍል ቢገቡ ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል።

ጊዜ አለን ብዬ አላምንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት ለመምጣቱ ማረጋገጫ ይፈልጋል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ መታወቅ አለበት፤ ከአራት ሔክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ። ይህ ሕግ እንጂ በፈቃደኝነት የሚያዝ ደረጃ አይደለም፤ የሁለቱን ልዩነት ለይቶ ማወቅም የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት መሆን ይገባዋል። ከጓሮው ቡና የሚለቅም ገበሬ መረጃውን ብቻውን አያዘጋጅም። የሚያዘጋጁለት የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅና ሒሳብ ሹሙ ናቸው።

እኔ ብሆን ኮርሱን የምጀምረው በባዶ ወረቀት ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ተቀምጠው ለአንድ ሺህ የቡና ጆንያ የጨረታ ሰነድ ይጻፉ። ከዚያ አንደኛው ቡድን ሻጭ፣ ሌላው የላቦራቶሪ ሰው፣ ሦስተኛው የዮኮሐማ ወደብ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሰነዱን አንድ በአንድ ይጠይቅ፤ የጎደለችው መስመር እስክትገኝ ድረስ።