ራጅ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ሲቲ ስካን ታዘዘላችሁ? ከቤት ሳትወጡ ይህን አንብቡ

ለእኛ ለዘንዘልማ ሰዎች ሆስፒታል መሄድ ማለት አባይን መሻገር ነው። ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። ትራንስፖርቱ፣ የካርዱ ሰልፍ፣ የምርመራው ተራ ሲደመር አንድ ሙሉ ቀን ይበላል።

ባለፈው አንዲት እናታችንን ለሆድ አልትራሳውንድ ይዘን ሄድን። መንገዱ ስለሚያደክማት "በባዶ ሆድሽማ አትወጪም" ብለን ቁርስ አብልተናታል። ተራችን ደርሶ ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቁርስ በልተዋል?" የሚል ነበር። በቃ፣ ለሌላ ቀን ተቀጠርን። ማዘዣውን ሲሰጡን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እናንተ እንዲህ እንዳትመለሱ፣ እያንዳንዱ ምርመራ ምን እንደሆነና ከእናንተ ምን እንደሚፈልግ እንንገራችሁ።

ራጅ

አጥንትና ደረት ለማየት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፣ አያምም። "ትንፋሽ ያዙ" ሲባል መያዝ፣ አለመንቀሳቀስ፣ አለቀ።

ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 (እ.ኤ.አ) ይህን ጨረር ሲያገኝ የሚስቱን እጅ አንስቶ ነበር። በምስሉ ላይ ከአጥንቱ ጋር የጣት ቀለበቷም ጎልቶ ይታያል። የአንገት መስቀል፣ ሐብል፣ የጡት መያዣ ብረት አውልቁ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ብረቱ ሐኪሙ ማየት ያለበትን ቦታ ይሸፍነዋል።

ጨረሩስ? አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠን ጨረር ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ በ10 ቀን ገደማ ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ግን ሳታፍሩ ቀድማችሁ ተናገሩ።

አልትራሳውንድ

ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ጄል ይቀቡና መሣሪያውን ቆዳችሁ ላይ ያንሸራትታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንድትታይ ይመክራል።

ለላይኛው ሆድ (ጉበት፣ ሐሞት) ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ከተበላ የሐሞት ከረጢት ይሸበሸባል፣ ጋዝም ምስሉን ይጋርዳል። የስኳር ታማሚ ከሆኑ ግን ምግብም መድኃኒትም እንዴት እንደሚያደርጉ ሐኪሙን ቀድመው ይጠይቁ።

ለማህፀን ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ውሃ ጠጥቶ ሽንት መያዝ ያስፈልጋል፤ ፊኛው ሲሞላ ማህፀኑ በደንብ ይታያል። እዚህ ላይ ጾመኛ እናቶች ይቸገራሉ። "ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አልቀምስም" የሚሉ ከሆነ እዚያ ደርሶ ከመከራከር ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ እንዲሆን መጠየቅ ይሻላል።

ሲቲ ስካን

እንደ ትልቅ ቀለበት ባለ ማሽን ውስጥ አልጋው ያሳልፋችኋል። ሰውነትን እንደ ዳቦ ቆራርጦ የሚያሳይ ራጅ በሉት። ፈጣን ስለሆነ ጭንቅላቱን ለተመታና ደም ፈሶት ይሆናል ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው በጣም ይጠቅማል።

ጨረሩ ግን ከተራ ራጅ በጣም ይበልጣል። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን በግምት የሁለት ሦስት ዓመት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። ካስፈለገ ይነሣል፣ "ለማንኛውም ልነሣው" ተብሎ ግን አይደለም።

አንዳንዴ ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ሰውነት ሙቅ ይላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል፤ ወዲያው ያልፋል። የኩላሊት ችግር ወይም ከዚህ በፊት አለርጂ ካለባችሁ ግን መናገር ግድ ነው።

ኤምአርአይ

ጨረር የለውም፤ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ለጀርባ፣ ለነርቭ፣ ለአንጎል፣ ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መተኛት ይኖራል። ድምፁ መዶሻ ነው፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጣችኋል።

ዋናው ነገር ብረት ነው። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት፣ በሰውነት የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ዝም ማለት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሉፕ ካላችሁ፣ የአንገት ወይም የግንባር ንቅሳት ካላችሁ ተናገሩ፤ ኩላችሁንም አጥባችሁ ግቡ።

"ትልቁ ማሽን ይሻለኛል" አይሠራም

ብዙ ሰው ራጅ ሲታዘዝለት የተናቀ ይመስለዋል። ግን የሐሞት ጠጠርን አልትራሳውንድ ከሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል። ተራ ስብራት ደግሞ በራጅ ይበቃል። የሚሻለው ለጥያቄያችሁ መልስ የሚሰጠው ነው እንጂ ዋጋው የከበደው አይደለም።

ውጤቱስ?

የሚያነሣችሁና ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። "ምን አያችሁ?" ስትሉ ዝም ካሏችሁ ክፉ ነገር ተገኘ ማለት አይደለም። ሪፖርቱን ላዘዘላችሁ ሐኪም መልሳችሁ አሳዩ።

ፊልሙን በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅስ? ተዉት። በስልክ ሲነሣ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የእናታችሁ ስምና ዕድሜ አለ። ፊልሙን ግን አትጣሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለማነጻጸር ይፈለጋል።

ማዘዣ ስትቀበሉ ከክፍሉ ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ይህ ምርመራ የሚታዘዘው ምን ለማወቅ ነው?
2. ልብላ ወይስ አልብላ? ውሃስ?
3. የምወስደውን መድኃኒት ላቁም ወይስ ልቀጥል?
4. የጤና መድን ይሸፍነዋል? ሪፈር ያስፈልጋል?
5. ውጤቱ መቼ ይደርሳል፣ ለማን ላሳይ?

ጥያቄው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን እናታችን አባይን ሁለቴ ተሻግራለች። እናንተ ስልክ ለሌላቸው እናትና አባቶቻችሁ አንብቡላቸው።