ሸክሙ በራስ፣ ክብደቱ በአከርካሪ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ማለዳ የወጣ እንግዳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በራሳቸው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ የሚራመዱ ሴቶችን ያያል። ከተማይቱ በነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠች ብትሆንም፣ የብዙ ቤት ውሃ እስከ ዛሬ በሰው ሸክም ይደርሳል። እኛ እንሥራ በጀርባ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ መሄድን በአገራችን ስላየን፣ ይህ ቀጥ ያለ አካሄድ ያስደንቀናል። ለመሆኑ ክብደቱ የት ያርፋል?

የሚያርፈው በአከርካሪ ላይ ነው። አከርካሪ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ሰው ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ 33 አንጓዎች አሉት፤ 7ቱ የአንገት፣ 12ቱ ጎድኖች የተያያዙባቸው የደረት፣ 5ቱ የወገብ ናቸው። የቀሩት ከታች ያሉት ዘጠኙ ሰው ሲያድግ እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ። አንጓዎቹ ከጎን ሲታዩ በአንገትና በወገብ ወደ ፊት፣ በደረት ወደ ኋላ ይጎብጣሉ፤ በዚህም ምክንያት አከርካሪ ሸክም ሲያርፍበት እንደ ሞላ ይለዝባል። ሕፃን ግን ሲወለድ አንድ ጉብጠት ብቻ አለው። የአንገቱ ጉብጠት ራሱን ማቅናት ሲጀምር፣ የወገቡም ቆሞ ሲሄድ ይመጣል።

ይህ አሠራር እጅግ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በአፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት «ሰላም» የተባለችው ሕፃን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት ናት። የአከርካሪዋ ጥናት በ2017 ሲታተም እንደኛው 12 የደረት አንጓዎች እንደነበሯት ታወቀ፤ ቺምፓንዚ ግን አብዛኛውን ጊዜ 13 አለው።

በአንጓዎቹ መካከል ዲስክ የሚባሉ፣ ውሃ ያዘሉ ለስላሳ ትራሶች ይገኛሉ። ቀኑን ሙሉ ክብደት ሲጫናቸው ጥቂት ውሃ ይጨመቅባቸዋል፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ መልሰው ይጠጡታል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጧት ከማታው ይልቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የጁባዋ ሴት ውሃ በተሸከመች ቁጥር ከገዛ ዲስኮቿ ውሃ ይጨመቃል ማለት ነው።

በአንጓዎቹ ውስጥ ባለው ቦይ ደግሞ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከእርሱም 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ዲስክ ተቀዶ ነርቭን ሲጫን ሕመሙ ከወገብ እስከ እግር የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1986 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በኬንያ የሉኦንና የኪኩዩን ሴቶች መርምሮ ነበር። የሉኦ ቋንቋ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ ከሚነገረው ከአኙዋክ ቋንቋ ጋር ዘመድ ነው። ሉኦዎቹ በራሳቸው፣ ኪኩዩዎቹ ግንባር ላይ በሚያልፍ ጠፍር ይሸከማሉ። ሁለቱም ከሰውነታቸው ክብደት ከመቶ እስከ 20 እጅ ሲሸከሙ፣ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ጉልበት አላወጡም።

«እንግዲያው ሸክሙ አይጎዳም» የሚል ቢኖር ሒሳቡን ይመልከት። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከመቶ 20 እጅ ማለት 10 ኪሎ ነው፤ በጀሪካኑ ያለው ውሃ ብቻ ግን 20 ኪሎ ይመዝናል። ደግሞም ጉልበት አልጨመረም ማለትና አንገት አልተጫነም ማለት አንድ አይደለም። የአንገት አንጓዎች ከደረትና ከወገብ አንጓዎች ያነሱ ሲሆኑ፣ የዘወትር ሥራቸው 5 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ራስ መሸከም ነው።

ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ወደ አዲስ አበባ ሲያወርዱ የኖሩት ሴቶች ችግር ሌላ ነው። ሰው በሸክም ሲጎነበስ የወገቡ ጉብጠት ይጠፋል፤ ክብደቱም ወደ ዲስኩ የፊት ጠርዝ ያጋድላል። ከሁለቱ ምረጡ ብንባል፣ ሸክሙ ቀላል እስከ ሆነ ድረስ የጁባውን እንመርጣለን።

በጁባ ጀሪካን የሚሸከሙት ግን አዋቂዎች ብቻ አይደሉም፤ ልጃገረዶችም ከእናቶቻቸው ጋር ይሰለፋሉ። የኬንያው ልክ የተወሰደው ከአዋቂ ሴቶች ነው። ያንኑ ልክ ገና አጥንቷ ላልጠና፣ 30 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ብንሰጥ እንኳ የሚደርሳት 6 ኪሎ ነው፤ ይህም የባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሢሶ አይሞላም።