ስለ ክሪፕቶ ገንዘብ ቁልፍ አጠባበቅና ስለ አስጋሪዎች ተንኰል

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ክሪፕቶ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚሰረቀው ቁልፉ ተሰብሮ ሳይሆን ባለቤቱ ተታሎ በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጥቶት መሆኑን ነው። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጓደኞቻችን አንዱ በትርፍ ጊዜው ለውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍ እየተረጐመ ዋጋውን በክሪፕቶ ገንዘብ ይቀበል ነበር። አንድ ቀን የተላከለት ገንዘብ አልታይ ቢለው በአንድ የውይይት ቡድን ውስጥ ርዳታ ጠየቀ። ወዲያውም የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው በትሕትና መለሰለት፤ አንድ ገጽም ላከለት፤ ጓደኛችንም በገጹ ላይ 12 ቃላት ጻፈ። የአንድ ዓመት ድካሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ከገንዘቡ ይልቅ እኛን ያሳዘነን ግን ከኀፍረት የተነሣ ነገሩን ሁለት ሳምንት ሙሉ መደበቁ ነው። ጓደኛችን ሞኝ አይደለም፤ የቁልፉን ጠባይ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ቁልፉ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ክሪፕቶ ገንዘብ ቢትኮይን፥ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በወጣ ጽሑፍ ተገልጾ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የገንዘቡ መዝገብ በአንድ ባንክ እጅ የተቀመጠ አይደለም፤ ቅጂው በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል። «ዋሌት»፥ ማለት የኪስ ቦርሳ፥ የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል፤ በውስጡ ገንዘብ የለምና። ገንዘቡ የተጻፈው በመዝገቡ ላይ ነው፤ ዋሌቱ የሚይዘው ለመዝገቡ ትእዛዝ የሚሰጠውን የምስጢር ቁልፍ ነው። ስለዚህ ዋሌትን ከቦርሳ ይልቅ ከማኅተም ጋር ማመሳሰል ይሻላል። ማኅተሙ የተገኘበት ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ማን እንዳተመው የሚጠይቅ የለም። ከተፈጸመም በኋላ ትእዛዙን የሚሽር አለቃ አይገኝም።

ቁልፉ እጅግ ረጅም ቁጥር ስለ ሆነ ሰው ሊጽፈውና ሊያስቀምጠው ያስቸግራል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ዋሌቶች በ2013 ዓ.ም. በቀረበ ሥርዐት መሠረት ቁልፉን 2048 ቃላት ካሉት ዝርዝር በወጡ 12 ወይም 24 ቃላት ይገልጹታል። 12ቱን ቃላት በግምት ለማግኘት የሚነሣ ሌባ ሊፈትናቸው የሚገባው ድርድሮች ብዛት 39 አኃዞች ባሉት ቁጥር ይጻፋል፤ የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ቢተባበሩ አይጨርሱትም። እንግዲህ በሩ የማይሰበር ከሆነ ሌባው የሚቀረው መንገድ ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍትለት ማድረግ ነው። በእንግሊዝኛ ፊሺንግ፥ በእኛም ቋንቋ ማስገር የሚባለው ይህ ነው።

ሦስቱ የማስገር መንገዶች

አንደኛው መንገድ ቃላቱን በቀጥታ መጠየቅ ነው። አስጋሪው የድርጅት ሠራተኛ መስሎ ይመጣል፤ ወይም እውነተኛውን ገጽ የሚመስል ገጽ ይሠራል። የገጹ ስም በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያል። እኛ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» የሚሉትን አንድ ቃል አድርገን እናነባቸዋለን፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አስጋሪውም የሚጠቀመው በዚሁ የዓይናችን ልማድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ቁልፍን በውስጡ የሚሰውር ትንሽ መሣሪያ በሚሠራው በሌጀር ኩባንያ ደንበኞች ላይ የደረሰው ነው። በ2020 ዓ.ም. የደንበኞች ዝርዝር ከኩባንያው ተሰረቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ወደ 272,000 የሚጠጉ ሰዎች ስም፥ የቤት አድራሻና የስልክ ቁጥር በኢንተርኔት ላይ ተበተነ። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ቁልፎቹም አልተሰረቁም። ነገር ግን አስጋሪዎቹ በስምና በአድራሻ እየጠሩ ለደንበኞቹ መልእክት ይልኩ ጀመር፤ በ2021 ዓ.ም. ለአንዳንዶቹ ሐሰተኛ መሣሪያ እስከ ቤታቸው ድረስ በፖስታ ደረሳቸው። ስማችንን ማወቅ የታማኝነት ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው መንገድ ቃላቱን ሳይጠይቁ ማስፈረም ነው። ዋሌት አንዳንድ ጊዜ «ፍቀድ» ወይም «ፈርም» የሚል ጥያቄ ያሳያል። ይህን ሳያነቡ መጫን በባዶ ወረቀት ላይ እንደ መፈረም ነው። በ2022 ዓ.ም. ኦፕንሲ በተባለው ገበያ የሚጠቀሙ 17 ሰዎች ያልተሟላ ውል ፈርመው ተገኙ፤ የቀረውን ሌባው ሞላና ንብረታቸውን ወሰደ። ይህ ዐዋቂዎችንም አይምርም። በፌብሩዋሪ 2025 ዓ.ም. ባይቢት ከተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ገንዘብ ተሰረቀ። ፈራሚዎቹ በገጹ ላይ ያዩት የዘወትሩን ዝውውር የሚመስል ነገር ነበር፤ የፈረሙት ግን ሌላ ነበር። የአሜሪካ የፌደራል ምርመራ ቢሮ ድርጊቱን የፈጸመችው ሰሜን ኮሪያ ናት ሲል አስታውቋል።

ሦስተኛው መንገድ አድራሻን ማመሳሰል ነው። የኢቴሪየም አድራሻ 42 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመለከተው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነው። አስጋሪው በሁለቱ ጫፍ የሚመሳሰል አድራሻ ይፈጥርና ጥቂት ሳንቲም ይልካል፤ የሐሰቱ አድራሻ በቀድሞ ዝውውሮች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ባለቤቱም ሌላ ጊዜ ከዝርዝሩ ሲገለብጥ ለሌባው ይልካል። በሜይ 2024 ዓ.ም. አንድ ሰው በዚህ ዐይነት ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ገንዘብ ላከ። ከድርድር በኋላ አብዛኛው ተመለሰለት፤ እንዲህ ያለው ዕድል ግን ለሁሉ አይደርስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ደንብ አጭር ነው፤ ቃላቱን ለማንም አለመስጠት። እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቃቸውም፤ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው። ቃላቱን በወረቀት ላይ በእጅ ጽፎ ከእሳትና ከውሃ በራቀ ስፍራ ማስቀመጥ ይገባል፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ወይም በኢሜል መላክ አይገባም። ቃላቱ የሚጻፉት ባለቤቱ ራሱ ዋሌቱን እንደ ገና ሲያቋቁም ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ወደ ገጹ የሚኬደው በተላከ ማስፈንጠሪያ ወይም በማስታወቂያ ሳይሆን ራስ ቀድሞ መርምሮ ባስቀመጠው አድራሻ ይሁን። ሦስተኛ፥ ከመፈረም በፊት ምን እንደሚፈረም ማንበብ፥ ካልገባም መተው ነው። አራተኛ፥ የተቀባዩን አድራሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማመሳከር፥ ብዙ ገንዘብም ከሆነ አስቀድሞ ጥቂት ልኮ መድረሱን ተቀባዩን መጠየቅ ነው። አምስተኛ፥ የተጠራቀመው ገንዘብ በየገጹ ከሚፈረምበት ዋሌት ተለይቶ በሌላ ዋሌት ይቀመጥ።

ቃላቱ አንድ ጊዜ ከወጡ የይለፍ ቃልን መለወጥ አይጠቅምም፤ የይለፍ ቃሉ የሚዘጋው የገዛ ስልካችንን እንጂ የሌባውን አይደለም። የቀረውን ገንዘብ ሳይዘገዩ አዲስ ቃላት ወዳሉት አዲስ ዋሌት ማዛወር ያስፈልጋል። በፊርማ የተሰጠ ፈቃድ ከሆነ ግን መሰረዝ ይቻላል። ከዚያም በኋላ «የጠፋውን ገንዘብ በጥቂት ዋጋ አስመልስልሃለሁ» የሚል ይመጣል፤ እርሱ ሁለተኛው ሌባ ነው።

ይህን የጻፍነው ማንንም ወደዚህ ገንዘብ ለመጋበዝ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን ለሕዝብ አስታውቆ ነበር፤ እንግዲህ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ጠባብ መሆኑን አንባቢው ይረዳል። ነገር ግን ገንዘቡን የሚቀበሉ ወጣቶች በመካከላችን ስላሉ ዝም ማለቱን አልወደድንም። አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ ሁለት ሳምንት አትደብቅ፤ በዚያው ሰዓት ለጓደኛህ ንገረው። አስጋሪው በመጀመሪያ የሚጠቀመው በችኰላችን ነው፤ ቀጥሎም የሚጠቀመው በኀፍረታችን ነው።