ሞተሩ ይዞራል፤ መኪናዋ ግን አልነሣ አለች

ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ዘመድ ለመጠየቅ የምንመላለስ ተማሪዎች አንድ ቀን መንገድ ላይ መቆማችን አይቀርም። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ ይጠመዝዛል፤ ሞተሩ ይዞራል፤ አይነሣም። ተሳፋሪውም ባንድ አፍ «ባትሪ ነው!» ይላል። ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ሞተሪኖው በልማዱ ፍጥነት ካዞረ ባትሪው ሥራውን ሠርቷል። ይልቁንስ ባትሪውን የሚገድለው ያላቋረጠ መጠምዘዝ ነው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ባለማዞር፣ በመካከሉም አንድ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ይበጃል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ያሉት እያረጁ ስለሚሄዱ ይህን ነገር ማወቅ ትርፍ ዕውቀት አይደለም እንላለን።

የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ነዳጅ፣ በሚገባ የታመቀ አየርና በሰዓቱ የሚደርስ ብልጭታ ነው። የጎደለውን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ አፍንጫ ነው። ጥቂት ካዞሩ በኋላ በማርሚታው በኩል ብርቱ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ነዳጁ ደርሷል፤ እንግዲህ ወይ ብልጭታው ጠፍቷል፣ ወይ ሞተሩ በቤንዚን ታፍኗል። ሽታ ከሌለ ነዳጁ አልደረሰም። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ በኩል የቤንዚን ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ሲል ይሰማል። ዝም ካለ አስቀድሞ ፊውዙን ማየት ነው፤ ፊውዝ ርካሽ ነው፣ ፓምፕ ግን የተማሪ ኪስ የሚችለው አይደለም።

ሱሉልታ የራሷ ጣጣ አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ግድም ነው። በኅዳር ብርድ የአንዲት አሮጌ ላዳ ቾክ ተስቦ ፔዳሉ ሲደጋገም፣ አየሩ ስስ ነውና ካንዴላዎቹ በቤንዚን ይርሳሉ። መድኃኒቱ ቾኩን መልሶ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ማዞር ነው። ያችው ላዳ በእንጦጦ ዳገት ግላ ከቆመች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በከፍታ ቦታ ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ቧንቧው በእንፋሎት ይዘጋል። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው።

በቡራዩ ክረምት ደግሞ፣ ከገፈርሳ በኩል በኩሬ ውስጥ ስታልፍ የመጣች አሮጌ መኪና የካንዴላ ገመዶቿ ርሰው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ብልጭታውን ለማየት ገመዱን በእጅ ይዞ ማስዞር ግን አይገባም፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት አለበት።

በሰበታ መንገድ የሚመላለሱት የጭነት አይሱዙዎች በናፍጣ ስለሚሠሩ ብልጭታ አይፈልጉም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ በመጋሉ ነው። ታንኩ አንዴ ከደረቀ፣ ቢሞላም እንኳ ቧንቧው ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፓምፕ ካልወጣ አይነሣም።

ሞተሩ ከልማዱ ቀልሎና ፈጥኖ ከዞረ ታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሷል ብሎ መጠርጠርና ቁልፉን ወዲያው መተው ነው። ለመካኒኩም «አልነሣ አለች» ብቻ አይባልም፤ «ትዞራለች፣ ሽታ የለም፣ ፓምፑም ዝም ብሏል» ከተባለ፣ ያለ ነገሩ ካንዴላ ሊቀይር አይነሣም።