መሣሪያን በየማኅደሩ ስለ ማኖር

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ፣ የሸኮን ወረዳ አቋርጦ ወደ ቴፒ የሚዘልቀው መንገድ ግራ ቀኙ የቡና አገር ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም የኮምፒዩተርን ትምህርት የሚያስተምረው በዚሁ መንገድ ጫፍ፣ በቴፒ ግቢው ነው። ከመዲናይቱ ይህን ያህል በራቀ ስፍራ ፕሮግራም መጻፍን ለሚማር ወጣት፣ አንድን መሣሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ ሲጭን የሚከተለው ሥርዓት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ አጫጫኑ ተሳስቶ ኮምፒዩተሩ ቢታወክ፣ ሁሉን ነገር እንደ ገና ለመጫን የሚያስፈልገው ፋይል በብዙ ሺሕ ሜጋባይት የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ተማሪ ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚፈጅበት ይሆናልና። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በተርሚናል የሚሠሩትን መሣሪያዎች ከሌላው ሁሉ በተለየ ማኅደር (ፎልደር) ውስጥ የመጫን ጥበብ፣ ሁሉ ከሞላለት ሰው ይልቅ ለእንዲህ ያለው ተማሪ አብዝቶ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ።

አስቀድሞ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ ማየት ይገባል። አንድ መሣሪያ ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው፣ ፓኬጅ በሚባሉት የፕሮግራም ጥራዞች ላይ ይደገፋል፤ እነዚያም በተራቸው በሌሎች ላይ ይደገፋሉ። ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ፓይዘን የተባለው የፕሮግራም ልሳን ፓኬጆቹን በአንድ የጋራ ማኅደር የሚያኖር ሲሆን፣ በዚያ ማኅደር የአንድ ፓኬጅ ሁለት እትሞች ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይችሉም፤ እንግዲህ አንደኛው መሣሪያ የቀድሞውን እትም፣ ሁለተኛው አዲሱን የሚሻ እንደ ሆነ፣ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ሥራ ያፈርሳል። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ኡቡንቱንና ዴቢያንን በመሳሰሉት የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓቶች ኮምፒዩተሩ ራሱን ከሚያስተዳድርባቸው መሣሪያዎች ከፊሎቹ በፓይዘን የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ ተማሪው በአስተዳዳሪ ሥልጣን የለወጠው አንድ እትም ሥርዓቱን በሞላ ሊያናጋው ይችላል።

የቡና ችግኝ ጣቢያ ገብቶ ያየ ሰው፣ ችግኞቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አፈር በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንደሚያድጉ፣ የአንዱ ሥር ከሌላው ሥር እንደማይጠላለፍ፣ የአንዱ አፈር ቢበከልም ያን ብቻ አንሥቶ መጣል እንደሚቻል ያውቃል፤ የኮምፒዩተር ሊቃውንት የደረሱበትም መፍትሔ ይህንኑ ይመስላል። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓት በሰባተኛው እትሙ፣ በ1979 እ.ኤ.አ.፣ አንድን ፕሮግራም በአንድ ማኅደር ከትቶ፣ ያ ማኅደር የፋይሎች ሁሉ መነሻ እንዲመስለው የሚያደርግ ዘዴ ነበረው፤ ለፓይዘን ደግሞ ኢያን ቢኪንግ በ2007 እ.ኤ.አ. ለፓኬጆች የተለየ ማኅደር የሚያዘጋጀውን ቨርቹዋልኤንቭን ጻፈ፤ ሐሳቡም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከ3.3 እትም ጀምሮ፣ ቬንቭ በሚል ስም የልሳኑ የራሱ አካል ሆነ።

የዚህ ዘዴ ምሥጢር እጅግ ቀላል መሆኑ ያስደንቃል። ተማሪው የቬንቭን ትእዛዝ ሲሰጥ አንድ አዲስ ማኅደር ይፈጠራል፤ በውስጡም ወደ ዋናው ፓይዘን የሚያመለክት አገናኝ፣ ለፓኬጆች የተዘጋጀ ስፍራ፣ እንዲሁም ዋናው ፓይዘን የት እንደሚገኝ በጥቂት መስመር የሚናገር አንድ ታናሽ ፋይል ይቀመጣሉ። ፓይዘን ከዚያ ማኅደር ሲነሣ ይህን ፋይል በአጠገቡ ይፈልጋል፤ ባገኘውም ጊዜ መሠረታዊ ክፍሎቹን ከዋናው ስፍራ እየወሰደ፣ ተጨማሪ ፓኬጆችን ግን ከዚሁ ማኅደር ብቻ ያነባል። ማኅደሩን አክቲቬት ማድረግ የሚባለውም ቢሆን ከዚህ የረቀቀ አይደለም፤ ተርሚናሉ አንድ ትእዛዝ በተጻፈለት ቍጥር ያን ስም የያዘውን ፕሮግራም በማኅደሮች ዝርዝር ውስጥ በቅደም ተከተል እየፈለገ በመጀመሪያ ያገኘውን የሚያስነሣ በመሆኑ፣ የአዲሱን ማኅደር ስም በዝርዝሩ ራስ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ፒፕኤክስ የተባለው መሣሪያ ማኅደሩን በእጅ የመሥራትን ድካም ያቀላል፤ ለሚጭነው መሣሪያ ሁሉ የተለየ ማኅደር ይሠራለትና፣ ትእዛዙን ብቻ ተርሚናሉ ከሚፈልግበት ስፍራ ጋር ያገናኘዋል፤ መሣሪያው እንዲወገድ ሲታዘዝም ማኅደሩን ከነሙሉ ይዘቱ ያጠፋዋል። ዴቢያንም ሥርዓቱ እንዳይናጋ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው 12ኛ እትሙ ፒፕ የተባለው የፓይዘን ፓኬጆች ጫኝ በሥርዓቱ የጋራ ስፍራ ላይ እንዳይጭን ከልክሏል። ክልከላውን በግድ የሚያልፍ አማራጭ መኖሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ሳይመረምር ያን አማራጭ ጨምሮ የሚጽፍ ጀማሪ ግን፣ ለጥበቃው ሲባል የቆመውን አጥር በገዛ እጁ ያፈርሳል።

የኢንተርኔት መረቡ በሚቋረጥበት አገር ፒፕ ሌላም ጥቅም አለው። መረብ ካለበት ኮምፒዩተር ፒፕን አንድ ፓኬጅ ከሚደገፍባቸው ሁሉ ጋር አውርዶ በአንድ ፎልደር እንዲያስቀምጥ ማዘዝ፣ ፎልደሩን በፍላሽ መውሰድ፣ ከዚያም ሌላውን ኮምፒዩተር ወደ መረብ ሳይወጣ ከፍላሹ ብቻ እንዲጭን ማዘዝ ይቻላል፤ የሁለቱ ኮምፒዩተሮች የፓይዘን እትም፣ የሥርዓታቸውና የፕሮሰሰራቸው ዓይነት አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ግን የግድ ነው። በአንድ ሰው ዳታ የወረደው እንዲህ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል።

ነገር ግን የተለየ ማኅደር የጸጥታ ግንብ አይደለም። በቬንቭ ውስጥ የተጫነ ክፉ ፓኬጅ በተጠቃሚው ሥልጣን ስለሚሠራ፣ የተጠቃሚውን ፋይሎች ማንበብም ማጥፋትም ይችላል፤ አሳቾች በታወቀ ፓኬጅ ስም ላይ አንዲት ፊደል ለውጠው የራሳቸውን የሚያወጡበት ጊዜ ስላለ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ አንብቦ መጫን ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ለልሳኖቻችን ጥናት ምን እንደሚያበረክት በአንድ ሥራ ላይ ማየት ይቻላል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል ጋሰር በፓይዘን የጻፉት ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን ይተነትናል፤ አልለቀሙትም የሚለውን ቃል ቢሰጡት፣ ሥሩ ለ፣ ቀ፣ መ መሆኑን፣ አድራጊዎቹ ብዙዎች፣ ተደራጊው አንድ፣ ነገሩም አሉታ መሆኑን ለይቶ ማውጣት ነው ሥራው። ከሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚጠራ ስለ ሆነም ከፒፕኤክስ ይልቅ ቬንቭ ይስማማዋል። የቴፒው መንገድ በሚያቋርጠው ወረዳ የሚነገረው የሸኮ ልሳን ግን ከኦሞአዊ ቤተ ሰብ የሚመደብ፣ በድምፅ ቃና ትርጕም የሚለይና የራሱ ሰዋስው ያለው ነው፤ ሰዋስውንም አን ክሪስቲ ሄለንታል በ2010 እ.ኤ.አ. በላይደን በቀረበ ጥናት በሰፊው ገልጸውታል። እንዲህ ያለውን ልሳን የሚተነትን ፕሮግራም ለመሥራት የሚነሣ የቴፒ ተማሪ ብዙ መሣሪያ መሞከር፣ ብዙውንም መጣል ይኖርበታል፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ማኅደር ይክፈት፣ የሠራለትን ሙከራ የፓኬጆች ስምና እትም ፒፕ በአንድ ፋይል እንዲዘረዝርለት ያድርግ፣ ያን ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር ለሚቀጥለው ተማሪ ያስተላልፍ፤ ተቀባዩም ከዝርዝሩ ተነሥቶ ያንኑ ማኅደር በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና ማቆም ይችላል።